ማን በደለ ወይስ የማን ነው? ፍቺ፣ ንብረትና ልጆች በኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግ

«ሽማግሌ ለያይቶናል፤ አበቃ።» «ከተለያየን ዓመታት ስላለፉ ጋብቻው ራሱ ፈርሷል።» «ቤቱ በስሜ ነው፤ ማንም አይነካውም።» «ልጅ እስከ አምስት ዓመቱ የእናቱ ነው።» «የበደለ ንብረቱን ያጣል።» እነዚህ አባባሎች በሬዲዮ የሕግ ፕሮግራሞች፣ በቲክቶክ ምክሮችና በሰፈር ወሬ ሳይሰለቹ ይመላለሳሉ። ሰዎችም ቤት ሲሸጡ፣ ልጅ ይዘው ሲወጡ ወይም ሁለተኛ ጋብቻ ሲፈጽሙ የሚመሩት በእነሱ ነው። አባባሎቹ ከባዶ የመጡ አይደሉም። ብዙዎቹ በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቅሪቶች ናቸው። ሕጉ ከተለወጠ ከሃያ ዓመት በላይ ቢሆነውም በሰው አእምሮ ውስጥ የሚሠራው አሁንም የቀድሞው ነው።

የዚህ ክፍተት ዋጋ ከባድ ነው። የሚለያዩ ባልና ሚስት ፍርድ ቤት የሚቀርቡት «ማን በደለ?» ለሚለው ጥያቄ ተዘጋጅተው ነው። ችሎቱ ግን የሚጠይቃቸው ሌላ ነው፤ የትኛው ንብረት ከየት ገንዘብ መጣ? ልጆቹ ከነገ ጀምሮ የት ያድራሉ? ወጪያቸውንስ ማን ይሸፍናል? ለመጀመሪያው ጥያቄ ምስክር ሲሰበስብ የከረመ ሰው ለሁለተኛው በእጁ ወረቀት የለውም።

የትኛው ሕግ?

በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው በሰኔ 1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ያወጣሉ። የአማራ ክልል አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ የኦሮሚያ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 69/1995 አላቸው። በመሠረታዊ ጉዳዮች ከፌዴራሉ ጋር ይቀራረባሉ፤ በዝርዝር ግን ስለሚለያዩ ባሕር ዳር ወይም አዳማ የሚኖር ሰው የክልሉን አዋጅ ማየት አለበት። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት አንቀጾች፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ የፌዴራሉ ናቸው።

ጋብቻው በማዘጋጃ፣ በሃይማኖት ወይም በባህል የተፈጸመ መሆኑ በፍቺ ጊዜ ልዩነት አያመጣም፤ ሦስቱም በሕግ ፊት እኩል ጋብቻ ናቸው። በቁርባን የተጋቡ ሰዎች የፍርድ ቤት ፍቺ ከቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጋር ያላቸውን ጉዳይ እንደማይዘጋ ማወቅ አለባቸው፤ ያ የቤተ ክርስቲያኒቱ ጉዳይ ነው። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም የቤተሰብ ክርክር ያያሉ፤ ይህ የሚሆነው ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 መሠረት ሁለቱም ተከራካሪዎች ሲፈቅዱ ብቻ ነው። አንደኛው ወገን «አልፈቅድም» ካለ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል።

ጥፋት የፍቺ በር መሆኑ ቀርቷል

የ1952ቱ ሕግ የፍቺ ምክንያቶችን «ከባድ» እና «ከባድ ያልሆነ» ብሎ ይከፍል ነበር። ዝሙት፣ ወይም አድራሻው ሳይታወቅ ሁለት ዓመት ቤቱን ጥሎ መጥፋት ከከባዶቹ ይመደቡ ነበር። ጥፋተኛ የተባለው ወገን ከጋራ ሀብት ድርሻው ሊቀነስበት ይችል ነበር። «የበደለ ንብረት ያጣል» የሚለው አባባል ምንጩ ይህ ነው።

የአሁኑ ሕግ በአንቀጽ 76 ለፍቺ ሁለት መንገድ ያስቀምጣል። አንዱ ተጋቢዎቹ ተስማምተው የስምምነታቸውን ወረቀት ለፍርድ ቤት ሲያቀርቡና ሲጸድቅላቸው ነው። ሌላው አንዳቸው ወይም ሁለቱም ፍቺ እንዲወሰን ሲጠይቁ ነው። በሁለቱም መንገድ የሌላውን ጥፋት ማስረዳት የፍቺ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ጥፋት ፈጽሞ ዋጋ የለውም ማለት ግን አይደለም። ለፍቺው ምክንያት የሆነው አንደኛው ወገን ከሆነና ፍትሕ የሚጠይቀው ሆኖ ሲገኝ፣ ፍርድ ቤቱ በአንቀጽ 84 ለተጎዳው ወገን ካሣ እንዲከፈል ሊያዝ ይችላል። ካሣው ከጋራ ሀብት ክፍፍል የተለየ ነው፤ ክፍፍሉ እኩል ሆኖ ይቆያል።

ይህ ለውጥ እስከ ዛሬ ያከራክራል። አንዳንድ የሃይማኖት አባቶችና ሽማግሌዎች ሕጉ ትዳርን ለማፍረስ አቅልሏል ይላሉ። የሴቶችን መብት የሚከላከሉ የሕግ ባለሙያዎች በበኩላቸው የቀድሞው ሥርዓት ተበዳዩን በር ዘግቶ የተፈጸመን በደል በምስክር እንዲያስረዳ ያስገድደው እንደነበር ያስታውሳሉ። ሁለተኛው መከራከሪያ ሚዛን ይደፋል። በቤት ውስጥ የሚደርስ ጉዳት ምስክር የለውም፤ ጥፋትን የፍቺ በር ማድረግም የበሩን ቁልፍ ለበዳዩ መስጠት ነው።

ሽማግሌ ያስታርቃል እንጂ አያፋታም

በቀድሞው ሕግ የቤተሰብ ሽማግሌዎች የፍቺ ውሳኔ የመስጠት ሥልጣን ነበራቸው። አሁን የላቸውም። ፍቺ የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው።

ሽማግሌ ግን ከሂደቱ አልወጣም። በአንዱ ወገን ጥያቄ በሚከፈት የፍቺ መዝገብ በአንቀጽ 82 መሠረት ዳኛው መጀመሪያ ባልና ሚስቱን ያነጋግራል። ይህ ካልተሳካ ራሳቸው በመረጧቸው ሽማግሌዎች እንዲታዩ ያደርጋል፤ ሽማግሌዎቹም ውጤቱን ለችሎቱ ያቀርባሉ። ከዚያም እስከ ሦስት ወር የሚደርስ የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። በስምምነት ፍቺም ዳኛው ተጋቢዎቹን ለየብቻና በአንድነት ያነጋግራል፤ የማሰላሰያው ጊዜም ከሦስት ወር አይበልጥም።

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ቢኖር በዚህ መሀል ሊጠየቅ የሚችለውን ጊዜያዊ ትእዛዝ ነው። ዋናው ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ስለ ተጋቢዎቹ መተዳደሪያ፣ ስለ ልጆች አያያዝና ቀለብ፣ እንዲሁም ስለ ንብረቱ አስተዳደር ፍርድ ቤቱ ትእዛዝ እንዲሰጥ አንቀጽ 82 ይፈቅዳል። ጥያቄው በክስ ማመልከቻው ላይ በግልጽ ካልተጻፈ ወራት ያልፋሉ። ልጆች ያለ ቀለብ ይቆያሉ፤ መኪናም ይሸጣል። ቤት ወይም ተሽከርካሪ ይሸጣል የሚል ሥጋት ካለ የእግድ ትእዛዝ መጠየቅ ያስፈልጋል። ትእዛዙ ሲወጣም ለይዞታ መዝጋቢው፣ ለተሽከርካሪ መዝጋቢው ወይም ለባንኩ መድረሱን ራስ መከታተል ነው። መዝገብ ውስጥ የተቀመጠ እግድ ሽያጭ አያስቆምም።

ለዓመታት ተለያይቶ መኖርስ?

የሕጉ ጽሑፍ ጋብቻ የሚፈርስበትን ምክንያት ሲዘረዝር ሞትን፣ የመጥፋት ውሳኔን፣ የጋብቻ ሁኔታዎች በመጣሳቸው በፍርድ መፍረስንና ፍቺን ነው የሚያነሳው። ተለያይቶ መኖር በዝርዝሩ የለም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ግን በመዝገብ ቁጥር 20938፣ ተጋቢዎቹ ለረጅም ጊዜ ተለያይተው በኖሩበትና ሌላ ትዳር በተመሠረተበት ሁኔታ የቀድሞው ጋብቻ እንደፈረሰ ሊቆጠር እንደሚችል አቋም ወስዷል።

ውሳኔውን የሚተቹ የሕግ ባለሙያዎች ችሎቱ ሕግ አውጪው ያልጻፈውን የፍቺ ዓይነት ፈጥሯል ይላሉ። የሚደግፉት ደግሞ ከብዙ ዓመት በኋላ ብቅ ብሎ ሌላ ሰው ያፈራውን ሀብት በ«ሚስትነት» ወይም በ«ባልነት» መካፈል ፍትሐዊ አይደለም ይላሉ። ለአንባቢው የሚጠቅመው ነጥብ ግን ቀላል ነው። መለያየት ብቻውን ጋብቻ አያፈርስም። ፈርሷል የሚባለውም ክርክር ሲነሳ በማስረጃ ተመዝኖ ነው፤ ክርክሩ ደግሞ የሚነሳው ብዙውን ጊዜ አንዱ ከሞተ በኋላ በውርስ መዝገብ ላይ ነው። ሳይፋቱ ሌላ ጋብቻ የሚፈጽም ሰው በወንጀል ሕጉ በድርብ ጋብቻ ሊጠየቅም ይችላል።

ቤቱ፣ ኪራዩ፣ ዕዳው

ከጋብቻ በፊት የነበረ ንብረት፣ እንዲሁም በጋብቻ ጊዜ በውርስ ወይም በስጦታ ለአንዱ ብቻ የመጣ ንብረት የግል ነው፤ አንቀጽ 57። በጋብቻ ውስጥ በሥራ የተገኘ ገቢ ሁሉ የጋራ ነው፤ አንቀጽ 62። የሚያስገርመው ክፍል ከዚህ ይቀጥላል፦ ከግል ንብረት የሚገኝ ገቢም የጋራ ነው። አንድ ሰው ከማግባቱ በፊት የሠራው ቤት የራሱ ሆኖ ይቀራል፤ በጋብቻው ዘመን ከዚያ ቤት የተሰበሰበው ኪራይ ግን የሁለቱ ነው። በኪራዩ የተገዛ መኪናም እንዲሁ።

ስም ወሳኝ አይደለም። አንቀጽ 63 በአንዱ ተጋቢ ስም ብቻ የተመዘገበ ንብረትም፣ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር፣ የጋራ እንደሆነ ይገምታል። የማስረዳት ሸክሙ «የግሌ ነው» በሚለው ላይ ነው። ካርታ ወይም ሊብሬ ማሳየት ብቻውን በቂ የማይሆነውም ለዚህ ነው፤ የተገኘበት ቀንና የተገዛበት ገንዘብ ምንጭ መታየት አለበት።

ክርክር የሚበዛው በመሀል ሜዳ ባሉት ጉዳዮች ላይ ነው። የግል ቤቱን ሸጦ በጋብቻ ውስጥ ሌላ ቤት የገዛ ሰው፣ አዲሱ ቤት የግሉ እንዲሆን ከፈለገ በአንቀጽ 58 ፍርድ ቤት ጠይቆ ማስወሰን ነበረበት። ይህን የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው፤ ያላደረገ ደግሞ በፍቺ ጊዜ ከባድ ክርክር ይጠብቀዋል። ኮንዶሚኒየም ሌላው ነው። ዕጣው ከጋብቻ በፊት ወጥቶ የባንክ ዕዳው ከጋብቻ በኋላ ከደመወዝ ሲከፈል፣ አንዱ ወገን ቤቱ የግሉ ነው ይላል። ሌላው ዕዳውን የከፈለው የጋራ ገንዘብ መሆኑን ያነሳል። እዚህ ላይ የዕጣው ቀን፣ የውሉ ቀን፣ የቅድሚያ ክፍያውና እያንዳንዱ ወርኃዊ ክፍያ የወጣበት ሒሳብ መግለጫ ክርክሩን ይወስናሉ። በወላጆች ግቢ ውስጥ በተሠራ ቤት ደግሞ ካርታው የሦስተኛ ወገን ስለሆነ ግቢው ለክፍፍል አይቀርብም። ጥያቄው ለግንባታው ወደ ወጣው ገንዘብ ይዞራል፤ የሲሚንቶና የብረት ደረሰኝ የጣለ ሰው ለምስክር እጁን ይሰጣል።

የጋራ ቤትን ለመሸጥ፣ ለማከራየት ወይም በመያዣ ለመስጠት አንቀጽ 68 የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። ከ500 ብር በላይ መበደርም ሆነ ማበደር፣ ከ100 ብር በላይ የሆነ የጋራ ንብረት ስጦታ ማድረግ፣ እንዲሁም ዋስ መሆን በዚሁ አንቀጽ ሥር ይወድቃሉ። እነዚህ መጠኖች በ1992 የተቀመጡ ናቸው። በዛሬው ገንዘብ የዕለት ጉዳይን ሁሉ ስለሚይዙ ሕግ አውጪው ሊከልሳቸው ይገባል። ያለ ስምምነት የተደረገ ውል እንዲፈርስ የሚጠይቅ ተጋቢ ካወቀበት ቀን ጀምሮ 6 ወር፣ በማናቸውም ሁኔታ ውሉ ከተደረገ 2 ዓመት ጊዜ አለው። ለማስታረቅ ሲባል ዝም ብሎ መቆየት ብዙ ሰው ቤት ያጣበት ስህተት ነው።

ቤት ውስጥ ከሽማግሌ ጋር የተፈረመ የንብረት ክፍፍል ወረቀትም ብቻውን አይበቃም። በጋብቻ ዘመን ባልና ሚስት እርስ በርስ የሚያደርጉት ውል በፍርድ ቤት ካልጸደቀ ውጤት እንደሌለው አንቀጽ 73 ይደነግጋል። ወረቀቱን አያይዞ የስምምነት ፍቺ መጠየቅ ግን ይቻላል፤ ርካሹና ፈጣኑ መንገድም ይኸው ነው።

ክፍፍሉ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ እያንዳንዱ የግሉን ይወስዳል። ቀጥሎ ለትዳሩ ጥቅም የገባ ዕዳ ከጋራው ይከፈላል። የቀረው እኩል ይካፈላል፤ በተቻለ መጠንም በዓይነት። አንዱ ቤት ለሁለት የማይቆረጥ ሲሆን በባለሙያ ይገመትና አንደኛው የሌላውን ድርሻ ከፍሎ ያስቀረዋል። መክፈል የሚችል ከሌለና ካልተስማሙ ቤቱ ተሽጦ ገንዘቡ ይካፈላል፤ በሐራጅ ከተሸጠ ደግሞ የሚገኘው ዋጋ በገበያ ከሚሸጥበት ሊያንስ ይችላል። አንድ ሳምንት ተነጋግሮ ገዢ መፈለግ የሁለቱንም ኪስ ያድናል።

በገጠር መሬት የይዞታ ደብተሩ የባልና ሚስት የጋራ ይዞታ ሲሆን በሁለቱም ስም መዘጋጀት አለበት። ደብተሩ በባል ስም ብቻ የወጣባት ሴት ፍቺ ከመጠየቋ በፊት ይህን በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ብታጣራ ትጠቀማለች።

ጋብቻ ሳይፈጽሙ እንደ ባልና ሚስት የኖሩ ሰዎች መለያየት የፍርድ ቤት ፍቺ አያስፈልገውም። ለንብረት ግን ጊዜው ይቆጠራል። አብሮ መኖሩ ቢያንስ 3 ዓመት ከቆየ በዚያ ዘመን ያፈሩት የጋራ ይሆናል፤ አንቀጽ 102። የልጆች መብት ከዚህ ሁሉ ጋር አይገናኝም። አባትነቱ የታወቀ ልጅ ወላጆቹ ተጋቡም አልተጋቡም ቀለብ የማግኘት መብቱ አንድ ነው።

ልጆቹ ከማን ጋር?

«እስከ አምስት ዓመት ከእናት» የሚለው በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 681 ነበረ። በአዲሱ ሕግ የለም። አንቀጽ 113 ዳኛው የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና አኗኗር፣ የልጆቹንም ዕድሜና ጥቅም እንዲያይ ያዛል። ሕጻን ልጅ በብዛት ከእናቱ ጋር እንዲኖር ይወሰናል፤ ያ ግን ከልጁ ፍላጎት የሚነሳ እንጂ ለእናት የተሰጠ አውቶማቲክ መብት አይደለም። ገቢ ብቻውን ሚዛን አያነሳም፤ ገንዘብ ያለው ወላጅ ገንዘቡን በቀለብ መልክ ሊያመጣ ይችላልና። ይልቅ ልጁ የሚማርበት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ሲመለስ ማን እንደሚቀበለው፣ ወንድምና እህት እንዳይለያዩ የሚለው ክብደት ያገኛል። አስፈላጊ ሲሆን የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ጥናት ይቀርባል።

ውሳኔው ለዘለዓለም አይደለም። ሁኔታ ሲለወጥ እንዲሻሻል መጠየቅ ይቻላል።

ደካማው ክፍል ብዙ ጊዜ የመጎብኘት ትእዛዙ ነው። «አባት ልጁን ይጎብኝ» ተብሎ የተጻፈ ውሳኔ ለአፈጻጸም አይመችም። ማመልከቻው የትኛው ቀን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ ልጁ የት ቦታ ርክክብ እንደሚደረግበት፣ የገናና የፋሲካ ወይም የዒድ በዓል ከማን ጋር እንደሚያሳልፍ፣ የክረምቱ እረፍት እንዴት እንደሚከፈል፣ ከአገር ለመውጣት የማን ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ዘርዝሮ ቢጠይቅ በየሳምንቱ የሚነሳው ጭቅጭቅ ይቀንሳል።

ቀለብ

ቀለብ ማለት ምግብ ብቻ አይደለም፤ መጠለያ፣ ልብስ፣ ሕክምናና ትምህርትም ይገቡበታል። ለመጠኑ ቋሚ ሠንጠረዥ የለም። ሁለት ነገር ይመዘናል፦ የልጁ ፍላጎትና የከፋዩ አቅም። ስለዚህ «ተመጣጣኝ ቀለብ ይቆረጥልኝ» ብሎ መጻፍ ዳኛውን ወደ ግምት ይገፋዋል። የሚሻለው የአንድ ወር ወጪን መዘርዘር ነው። ለምሳሌ የልጁ ወርኃዊ ወጪ 9,000 ብር፣ የእናት ገቢ 10,000፣ የአባት ደግሞ 20,000 ቢሆን፣ ወጪውን እንደ ገቢያቸው ብናካፍለው አባት 6,000፣ እናት 3,000 ይደርሳቸዋል። ሕጉ ይህን ቀመር አያዝም፤ ዳኛን ለማሳመን ግን የትምህርት ቤት ደረሰኝ፣ የኪራይ ውልና የደመወዝ መግለጫ የተያያዘበት ስሌት ይረዳል። ዋጋ ሲጨምር መጠኑ እንዲከለስ ማመልከት ይቻላል።

ካልተከፈለ የአፈጻጸም መዝገብ ይከፈታል። ተቀጣሪ ከሆነ ትእዛዙ ለአሠሪው ይሄድና ከደመወዙ ይቆረጣል፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ግን ቅነሳው ከወር ደመወዝ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። የግል ሥራ ያለው ሰው ላይ ፈተናው ገቢውን ማሳየት ስለሆነ የባንክ ሒሳቡን፣ የንግድ ፈቃዱን፣ የሚያከራየውን ቤት ጠቁሞ ፍርድ ቤቱ መግለጫ እንዲያስቀርብ መጠየቅ ነው። ሆን ብሎ ቀለብ መከልከል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 658 ያስቀጣል። ለወራት ሳይጠየቅ የተጠራቀመን ቀለብ መልሶ ማስከፈል ከባድ ስለሆነ መዘግየት አይመከርም።

«ልጁን ካላሳየችኝ አልከፍልም» እና «ካልከፈለ አላሳየውም» ሁለቱም በሕግ ፊት አይቆሙም። ቀለቡም ጉብኝቱም የልጁ መብቶች ናቸው። አንዱ ሲጣስ መፍትሔው አፈጻጸም መጠየቅ እንጂ ሌላውን ማገድ አይደለም።

የንብረት ክስ የዳኝነት ክፍያ አለው፤ በንብረቱ ግምት መጠን ይጨምራል። አቅም የሌለው ሰው በደሃ ደንብ ሳይከፍል ለመክሰስ ማመልከት ይችላል።

ውሳኔው ከወጣ በኋላ

ፍቺ በ30 ቀን ውስጥ በወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት መመዝገብ አለበት። የውሳኔውን ግልባጭ ይዞ ወደ ወረዳው መሄድ ነው። ያልተመዘገበ ፍቺ ችግሩ የሚታየው ቆይቶ፣ ያላገባ ማስረጃ ሲጠየቅ ወይም ቤት ሲሸጥ «የትዳር ጓደኛ ፈቃድ አምጣ» ሲባል ነው።

በውጭ ለሚኖሩ ሌላ ደረጃ ይጨመራል። በአሜሪካ፣ በአውሮፓ ወይም በእስራኤል የተሰጠ የፍቺ ፍርድ በአዲስ አበባ ያለን ቤት በቀጥታ አያካፍልም። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 456 ጀምሮ በተቀመጠው መሠረት ፍርዱ እዚህ እንዲፈጸም ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማመልከት ያስፈልጋል። ችሎቱ ፍርዱ የመጨረሻ መሆኑን፣ ተከሳሹ የመከላከል ዕድል ማግኘቱን፣ ለሕዝብ ሰላምና ሞራል ተቃራኒ አለመሆኑን፣ ፍርዱን የሰጠው አገርም የኢትዮጵያን ፍርድ እንደሚያስፈጽም ይመረምራል። በወኪል የሚሠራ ሰው ውክልናው ቤት መሸጥንና መካፈልን በስም የሚጠቅስ ልዩ ውክልና መሆን አለበት። በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ከተረጋገጠ በኋላ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ ያልፋል። «ጉዳዬን ሁሉ ይፈጽምልኝ» የሚል ጠቅላላ ውክልና ግን ለቤት ሽያጭ አይበቃም፤ ወኪሉ ተመልሶ ሌላ እንዲልኩለት ሲጠይቅ ወራት ይባክናሉ።